ቶይባ የወቀረችው መንጋጭላ

እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና አፋችሁን ክፈቱ። ብዙዎቻችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ የምታዩት ሲያማችሁ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሳያማችሁ ክፈቱት። ወደ ጉንጫችሁ ሥር ያሉትን ሰፋፊ ጥርሶች ተመልከቱ። ጉብታ አላቸው፣ ጎድጓዳ አላቸው። አሁን ቀስ ብላችሁ ግጠሟቸው። የላይኛው ጉብታ የታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ ይሰማችኋል። ይህን ልክክ ማለት እንሽላሊት አያውቀውም። አዞም አያውቀውም፤ አዞ ይነክሳል፣ ይቦጭቃል፣ ይውጣል። እህልን በሁለት ጥርስ መካከል ይዞ አድቅቆ መፍጨት ጡት የሚጠባ ፍጥረት የተካነበት ጥበብ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል፤ እንዴት እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ይህን ከማንም ምሁር በፊት ለእኔ ያስረዳችኝ ፊደል ያልቆጠረች፣ ግራና የምትባል የወሎ መንደር ሴት ናት። ቶይባ ትባላለች። በፊቷ አንቱ ነበር የምላት፤ ስጽፍ ግን እሷ እላታለሁ፤ አንቱታው ምንም አልጠቀማትምና።

ሥራዋ ወፍጮ መውቀር ነበር። ዱቄት በኪሎ እየገዛችሁ ላደጋችሁት ላስረዳ። የድንጋይ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። አንዱ ታች ይተኛል፤ ሌላው መጅ ይባላል፣ በሁለት እጅ ተይዞ በላዩ ላይ ይገፋል። ሁለቱ ሲፋጩ ውለው ሲፋጩ ከርመው ይለሰልሳሉ። የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም። ያን ጊዜ መውቀሪያ በሚሉት የሾለ ብረት ጠቅ ጠቅ እየተደረገ መልሶ ይሻክራል። ብዙ ሴት የራሷን ወፍጮ ራሷ ትወቅራለች። ቶይባ ግን ባለ እጅ ነበረች። ከግራና ጀምሮ እስከ መርሳ ድረስ ወፍጮው አልሆን ያላት ሁሉ እሷን ያስጠራል። አዲስ ወፍጮም ከገደል ፈልጣ ታወጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ለይላን ያሳደገችው በዚሁ ነው። መሬት አልነበራት፣ በሬ አልነበራት።

እኔ ደግሞ መርሳ ከተማ ላይ የናፍጣ ወፍጮ አስነሳ ነበር። አልደብቀውም፤ እንጀራዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ በገባ በሁለት ዓመቱ የሚያስጠራት ጠፋ። እሷ ግን በገበያ ቀን እየመጣች ደጄ ላይ ትቆምና ሞተሩን ትታዘበዋለች።

«ይሄ ያንተ ነገር አያኝክም» ትለኛለች። «እንደ ጅብ ይሰለቅጣል እንጂ። ዱቄቱን ንካው እስቲ፤ ትኩሳት ይዞታል።»

«ዘመኑ ነው እትዬ ቶይባ» እላታለሁ።

«ዘመኑ ሆዱን ይቁረጠው፤ አሜን በል!»

አሜን እል ነበር። ምን አደርጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ1975 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ እንዳባራ ነው። ከግራና በላይ ያለው ዳገት ተንዶ ነበር። ተራራችን ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ የተደራረበ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን በሁለቱ ድርብ መካከል ግራጫ ጭቃ መሰል ድንጋይና እሳት የሚይዝ ጥቁር ክምችት ይገኛል። ቶይባ የወፍጮ ድንጋይ ልትመርጥ ወጥታ አንዱን ግራጫ ስትፈልጠው የጥርስ ረድፍ አየች። አምስት መንጋጋ ጥርስ፣ ተራ በተራ፣ ከነአጥንቱ ድንጋይ ሆኖ።

ለይላን ጠርታ አሳየቻት። ለይላ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ናት፤ ምላሷ ከእናቷ መውቀሪያ ይሾላል።

«የሽኮኮ ነው» አለች ቶይባ።

«ሽኮኮ? ይሄን የሚያክል? እማ፣ ይሄን ካከለማ ሽኮኮው እኛን ሊጭነን ነበር። የአህያ ነው በይ።»

«አህያ እንዲህ አይፈጭም። የሽኮኮ ጥርስ አውቃለሁ። ንስር በልቶ የጣለውን ስንቱን ገደል ሥር ለቅሜያለሁ። አፈጫጨቱ ይሄው ነው፤ ትልቅነቱን እኔ እንጃ።»

ሰፈሩ ሰማ። አንዱ የጂን ነው አለ። አንድ ሽማግሌ፣ አላህ ያጠፋቸው የዓድ ሕዝቦች ከብት ነው አሉ። ቶይባ ግን ድንጋዩን ከቤቷ ጥግ አስቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «መጁስ የታለ?» የላይኛውን መንጋጭላ ማለቷ ነው። የታችኛው ብቻውን ምን ይፈጫል? ከታችኛው ጥርስ አበላል ተነስታ የላይኛው ምን ዓይነት ቅርጽ እንደነበረው በእጇ አየር ላይ ትሠራው ነበር። ስቀንባታል። ሰው ያልገባውን ነገር ሲስቅበት ማየት ዛሬ ድረስ ደሜን ያፈላዋል፤ ያኔ ግን እኔም ስቄያለሁ።

በሚያዝያ 1976 ተወልደብርሃን የሚባል የድንጋይ አጥኚ መጣ። የወልድያ ልጅ ነው፤ እናቱ ሓረጉ ወልድያ ላይ ሱቅ አላት፣ ቤተሰቡ ከትግራይ የመጣ ነጋዴ ነው። ውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ መንግሥት ድንጋይ ከሰል እንዲፈልግ ልኮታል። መኪናው ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ውሃ ለመጨመር ቆመች። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ እኔ ነኝ ግራና ድረስ የወሰድኩት።

«እንደምን ዋሉ እናቴ» አላት።

«አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነህ?»

«የወልድያ ነኝ። የባለ ሱቋ የሓረጉ።»

«የሓረጉ? ያቺ ጨው የምታካፍለኝ? አጃኢብ! እና አንተን ይህን ያህል ምን አብልታ አገዘፈችህ?»

ድንጋዩን አቀረበችለት። ሲያየው ቀልዱ ጠፋ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከወዲያ ወዲህ አገላበጠው። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ፤ ይህን አልነፍገውም፣ ሰውን ሳይንቅ ያስረዳል። የሚናገረውን ያህል መስማት ቢችል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

«ይኸውልዎ፣ ይህ መንጋጭላ ከአገጩ እስከ ጆሮው ሥር አንድ ወጥ አጥንት ነው። የእንሽላሊት ቢሆን ከብዙ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነበር። በጥንት ጊዜ የእኛም ዘር እንደዚያ ነበር።»

«ቁርጥራጮቹ ኋላ የት ሄዱ?»

«ጆሮ ውስጥ ገቡ።»

ለይላ ከት ብላ ሳቀች። «ታዲያ የኛ ሊቀመንበር ሲናገር ጆሮዬን የሚያኝከኝ ለዚህ ነዋ!»

«እውነቴን ነው» አለ ተወልደብርሃን እሱም እየሳቀ። «በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ እየቀጨጩ እየቀጨጩ ከመንጋጭላው ተላቀቁ። ዛሬ ጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚያቀብሉት የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ አጥንቶች ከእነሱ የመጡ ናቸው። የድንጋይ አጽሞች አሉ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ የተገኙ፤ አጥንቱ ገና ከመንጋጭላው ሳይለቅ ድምፅም የሚሰማበት።»

ቶይባ አልሳቀችም። «ጥርሱስ?» አለች።

«ጥርሱም ተለወጠ። አዞ ጥርሱ በወለቀ ቁጥር ሌላ ያበቅላል፤ ዕድሜውን ሙሉ። እኛ ግን አንድ ጊዜ የወተት፣ አንድ ጊዜ የአዋቂ፣ በቃ።»

«እንዴታ! መጅ በየወሩ ቢቀያየር ከወፍጮው ጋር መቼ ይገጥማል? አብረው መኖር አለባቸው እንጂ።»

ተወልደብርሃን ቀና ብሎ አያት። ይህን መልስ ስንት ዓመት ተምሮ እንዳገኘው እግዜር ይወቅ፤ እሷ ተቀምጣ ነገረችው።

ከዚያ ጣቷን ጥርሶቹ ላይ አኖረች። «ይሄ እንስሳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይደለም የሚፈጨው። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎን ነው። ጭረቱን እየው፤ ወዴት እንደተኛ። ቅጠል ነበር የሚበላው፤ አሸዋ ያለበት ሣር ቢሆን ጭረቱ ይበዛ ነበር። እነዚህ ፊት ያሉት ለስልሰዋል። የመጨረሻው ብቻ ነው ገና ያላለቀው፤ ዘግይቶ የበቀለ ነው። አርጅቶ ነው የሞተው። በረሃብ ነው የሞተው፤ ወፍጮው ለስልሶበት፣ የሚወቅርለት አጥቶ።»

«ይህን ሁሉ በምን አወቁት?»

«ድንጋይ አይቼ አይደል እንጀራ የምበላው? ወፍጮዋን አይቼ ግራኝ መሆኗን ያወቅኩባት አለች። ወፍጮዋን አይቼ ማርገዟን ለባሏ ያበሰርኩላት አለች፤ አገፋፏ አጠረ፣ ሆዷ እየከለከላት።»

ሳቀ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እስክሪብቶው ጣቱ መካከል ነበር። ድንጋዩ የተገኘበትን ዳገት ጽፏል፣ የጭቃውን ቀለም ጽፏል፣ ውፍረቱን በክንድ ለክቶ ጽፏል። ያለችውን ግን ሳቀበትና አልጻፈውም። ወፍጮ ወቃሪ ተናግራ ማን ይጽፋል!

ስለ እንስሳው ግን ነገራት። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት ይሆናል አለ፣ ይህ ጥቁር ድንጋይ እሳት ሆኖ እየፈሰሰ በየመሐሉ ሲያርፍ። ያኔ አፍሪካ በባሕር ተከባ ለብቻዋ ነበረች። በሬ የለም፣ ፍየል የለም፣ ጅብ የለም። ቅጠሉንና ሣሩን የሚበላው የዝሆን ቅድመ አያትና የሽኮኮ ወገን ነበር፤ ሽኮኮውም ከጥንቸል የሚያንስ አለ፣ አህያ የሚያክል አለ። ኋላ መሬት ከመሬት ተጋጠመና የእስያው ከብት ገባ፣ አውሬውም ተከትሎት ገባ። ትልልቆቹ ሽኮኮዎች አለቁ። ትንሹ ገደል ገብቶ ተረፈ።

«እንግዲያ ባለ አገሩ እሱ ነበር» አለች ቶይባ።

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ሚስኪን» አለች፤ አጥንቱን ነው ያለችው።

አሁን ዋናው ነገር። አጥንቱ ገና በግማሽ ድንጋዩ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ተወልደብርሃን መውቀሪያዋን አየ፣ እጇን አየ። «ከድንጋዩ ያላቅቁልኝ» አላት። «እጅዎ ከእኛ መሣሪያ ይሻላል። እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁልኝ። ሲያልቅ ለእናቴ ሱቅ ይላኩት፤ ወደ አዲስ አበባ ትልክልኛለች። የመጨረሻው ጥርስ ያሰብኩት እንስሳ መሆኑን ካሳየ ሰው ይዤ እመለሳለሁ። እዚህ ቁፋሮ ይከፈታል። የመጀመሪያዋ ተቀጣሪ እርስዎ ነዎት፤ የቅጥር ወረቀቱን ራሴ አስፈርማለሁ።»

ለእኔ ስለ ጥንት እንስሳት ጥርስ የሚናገር ሽፋኑ የወለቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጣል አድርጎልኝ ሄደ። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ነው ያነበብኩት፤ ሲገባኝ ጊዜው አልፎ ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱም ብልጭ ብሎ ጠፋ። የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም፤ ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን ያየውን ነገር እኔ ደግሜ ብናገር ምን እጨምራለሁ? የእኔ ሞተር ቆመ፤ የሚፈጭ እህል አልነበረም። የሚወቀር ወፍጮም አልነበረም። በመስከረም 1977 የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞላ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት መጣ። ለሰፈራ ነው። መሬትና በሬ የሌለው መጀመሪያ ይጻፋል። የቶይባና የለይላ ስም ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

ቶይባ መንጋጭላውን አሳየችው። «ሰውየው ሊቀጥረኝ ነው። ወረቀት ይመጣልኛል።»

ሞላ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። አጥንቱን አየ፣ ራሱን አከከ። «የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ እፍቅሻለሁ» አላት። «ወረቀት አምጪ። ማኅተም ያለበት። አጥንት ግን አልመዘግብም።»

አያችሁ? ነገሩ ሁሉ እዚያች ላይ ተንጠለጠለ። የመጨረሻው ጥርስ ከተናገረ ቁፋሮው ይከፈታል፣ ወረቀቱ ይመጣል፣ እናትና ልጅ ከአገራቸው አይነቀሉም። ካልተናገረ ወደ ሰፈራ የሚጭናቸው አውቶቡስ አለ።

ቶይባ ሠራች። እርጥባን ስንዴ እየቆረጠመች፣ ያም በሌለበት ቀን ውሃ እየጠጣች፣ ከጧት እስከ ማታ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ጠቅታዋ ጤፍ የሚያክል ነው የሚያነሳው። ትነፋዋለች፣ በምራቋ ታብሰዋለች፣ ታዳምጣለች። ድንጋይና አጥንት ሲመታ ድምፁ ይለያል ትል ነበር። ለይላ ትነተርካታለች፤ «እማ፣ እኔንም እንዲህ ብታሳምሪኝ ባል አገኝ ነበር።» «አንቺን መጀመሪያ ምላስሽን ነው የምወቅረው» ትላታለች። በጥቅምት መጨረሻ ጨረሰች።

ለእኔ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ዙሪያውን በክር ሰፍታ ሰጠችኝ። ወደ ወልድያ የሚሄድ የእርዳታ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ወሰድኩት። ሓረጉ ሱቋ ባዶ መደርደሪያ ፊት ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው?»

«አጥንት ነው፤ ለተወልደብርሃን።»

«አጥንት? ሥጋውን ማን በልቶት ነው ለልጄ አጥንት የምትልኩለት!» አለችና ተቀበለችኝ፤ በሳምንቱም ሰው አግኝታ ላከችው።

እኔ ያን ክር አልፈታሁም። ብፈታው ኖሮ አየው ነበር። መጽሐፉን እስከ ግማሽ አንብቤ ነበር፤ ባየው ኖሮ ቢያንስ አብሮት የሚሄድ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር፤ ያን ዕለት ያለችውን፣ ጭረቱ ወዴት እንደተኛ። የሰው አደራ አይፈታም ብዬ ተኩራራሁ። ጨዋነቴ ይኸው ነው።

መልሱ በታኅሣሥ መጣ። ደብዳቤው በወፍጮ ቤቱ አድራሻ ስለሆነ እኔ ተቀብዬ ግራና ይዤው ወጣሁ። ቶይባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ለይላ ከኋላዋ ቆማለች። ሞላም ሰምቶ መጣ።

«አንብበው» አለችኝ።

አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ለወይዘሮ ቶይባ። አጥንቱ በሰላም ደርሶኛል። ከድንጋዩ ያላቀቁበት እጅ እዚህ ያሉትን ባለሙያዎች ሁሉ አስደንቋል። ይሁን እንጂ ጥርሶቹ በሙሉ በብረት ተወቅረዋል። የእንስሳውን ወገን የምንለየው፣ ምን ይበላና እንዴት ያኝክ እንደነበር የምናውቀው ከጥርሱ ገጽ ነው። በተለይ የመጨረሻው ጥርስ ጉብታው ጠፍቷል። አሁን በዚህ ማስረጃ ቁፋሮ አይፈቀድልኝም። እኔም ለተቸገረው ሕዝብ ውሃ እንድፈልግ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ታዝዣለሁ። ያን ዕለት ስለ ጭረቶቹ የነገሩኝን ብጽፈው ኖሮ አንድ ነገር ይተርፈን ነበር። አልጻፍኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ተወልደብርሃን።»

ከዚያ ቶይባ፣ «ሳልወቅር፣ ለስላሳውን ነበር የምልክለት?» አለች።

«አዎ እትዬ ቶይባ።»

«ያልተወቀረ ወፍጮ ለሰው ይላካል?»

በእሷ ሙያ ወፍጮ ሳይወቀር ከቤት አይወጣም። ለሙሽራ ይሁን ለጎረቤት፣ ለስላሳ ወፍጮ መላክ «ጥሬህን ቆርጥም» ብሎ እንደ መስደብ ነው። አደራ የሰጣት የተከበረ ሰው ነው፤ ዕጣዋን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ታዲያ የደነዘ ትላክለት? በረሃብ የሞተ ነው ያለችውን እንስሳ፣ ወፍጮው ለስልሶበት የሞተውን፣ እንደ ለሰለሰ ትስደደው?

«የመጨረሻው ደህና ነበር» አለች፣ ለራሷ ይመስል። «ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ነበር። ወፍጮ ተበላልጦ አያምርም ብዬ ነው ያስተካከልኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

ለይላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ያ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ በሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? የሣርና የቅጠል በል እንስሳ ጥርስ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው ይላል፤ ከላይ እንደ ባልጩት የጠነከረ ነጭ ሽፋን፣ ከውስጥ ለስለስ ያለ አጥንት መሰል ነገር። ሲፋጭ ለስላሳው ቶሎ ይበላል፣ ጠንካራው ግን ጎልቶ ይቀራል፤ ስለዚህ በመሐላቸው ሁልጊዜ ስለት ይኖራል። በሌላ አነጋገር ጥርስ ራሱን የሚወቅር ወፍጮ ነው፤ ሽፋኑ አልቆ እስኪጠፋ ድረስ። ተወልደብርሃን ይህን ያውቅ ነበር። «እናቴ፣ ይህ ድንጋይ ራሱን ወቅሮ ጨርሷል፣ እርስዎ አይንኩት» ቢላት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዓለም ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚገባት እሷ ነበረች። አልነገራትም። ምን ታደርገው ይሆን ብሎ አልጠየቃትም። የተማረ ሰው «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅ» ሲል ሌላውም ልክ እንደ እሱ አድርጎ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ሚሊዮን ዓመት የሚቆጥር ጭንቅላት የአንዲት ሴት የእጅ ልማድ ለመጠየቅ ጊዜ አጣ!

እኔስ? ያን ደብዳቤ ሞላ ፊት ለምን አነበብኩት? «ይመጣሉ፣ ትንሽ ጠብቁ» ብዬ ብዋሽ ምን ነበረበት? ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የተጻፈውን ከነነጥቡ አነበብኩት፤ እንደ ቂል።

ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቶይባ፣ እኔ አርባ ቤተሰብ አምጣ ተብያለሁ። አንቺን ብፍቅ በቦታሽ ማንን ልጻፍ? አንድ ስም ጥሪልኝና አሁኑኑ ልፋቅሽ።»

ሰፈሩን በዓይኗ ዞረችው። ከበታቿ ያለው ቤት የዘይነባ ነው፤ ሦስት ልጆች ያሏት መበለት። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓይነ ስውር ወንድሙን የሚጦር ሰው ነው።

«ስም አልጠራም» አለች።

«እንግዲያው ሰኞ ነው» አለ ሞላ። ሲሄድ መሬት መሬት እያየ ነው።

ሰኞ መርሳ ላይ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ቆሙ። ወታደሮች ሰውን በመስመር እያቆሙ ዕቃውን ይፈትሻሉ። ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው ተባለ፤ ማጭድ፣ ቢላዋ፣ ሁሉ አስፋልቱ ዳር ተከመረ። ከቶይባ መቀነት ውስጥ መውቀሪያውን አወጡት። «ይሄ ምን ሊጎዳ ነው?» ብላ ጠየቀች። ወታደሩ እሱም አላወቀም፤ ትእዛዝ ነው አላትና ክምሩ ላይ ጣለው።

ለይላ በመስኮት በኩል አየችኝ። «ጋሼ ባለ ሞተሩ» አለችኝ፣ «ደስ ይበልህ፤ ተወዳዳሪህ ሄደች!»

«ተይው» አለቻት እናቷ። «እሱ ምን አደረገ?»

ምንም አላደረግኩም። ነገሩ እሱ ነው።

አውቶቡሱ ወደ ደሴ አቅጣጫ ተጠመዘዘ። ቶይባ ወደ ኋላ አልዞረችም። ከዚያ በኋላ ስለ እነሱ የሰማሁት ወሬ ሁሉ እርስ በርሱ አይገጥምም። ፓዌ ናቸው ያለኝ አለ። የለም፣ ጋምቤላ ነው፣ በአውሮፕላን ጭነዋቸዋል ያለኝ አለ። አንዱ፣ አንዲት የወሎ ሴት ወባ ይዟት በመጀመሪያው ክረምት ሞተች፣ ሲቀብሯት ግን ስሟን የጻፈ የለም አለኝ። ቶይባ ትሁን ሌላ አያውቅም።

መንጋጭላውን ግን አግኝቼዋለሁ። በ1980 አዲስ አበባ ሄጄ፣ ስንት በር ደጅ ጠንቼ፣ አንድ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አስገቡኝ። መሳቢያ ውስጥ ጥጥ ላይ ተኝቷል። አጥንቱ ላይ አንዲት ጭረት የለችበትም፤ ከድንጋዩ የተላቀቀው በእርግጥም እንደ ተአምር ነው። ጥርሶቹ ላይ ደግሞ እኩል እኩል ተራርቀው ጥቃቅን ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ከግራና እስከ መርሳ ያለች ሴት ሁሉ የምታውቀው የቶይባ እጅ። ካርዱ ላይ «ወሎ። ወገኑ ያልታወቀ። ጥርሱ የተበላሸ» ይላል። ማን እንዳላቀቀው አይናገርም። ስሟን ጻፉልኝ ብዬ ለመንኩ። ክፍሉን የሚጠብቀው ሰው፣ «ለምን? ያበላሸችው እሷ አይደለች እንዴ?» አለኝ። እንዳልመታው እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አሁን ደርግ ወድቋል፤ ከሰፈራው የተረፉት እየተመለሱ ነው። ከአውቶቡስ በወረዱ ቁጥር መርሳ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ ብቻዬን ግን አልደርስም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከተመላሾች ጋር የተሳፈራችሁ፣ በሰፈራው ጣቢያ ያስተማራችሁ፣ እዚያ ሕሙም ያከማችሁ፣ እዚያ ሰው የቀበራችሁ፦ ዛሬ ቢኖሩ እናትየዋ ሃምሳ አምስት ይሆናታል፤ በግራ ጉንጯ ቆዳ ውስጥ የቀሩ ሰማያዊ የድንጋይ ፍንጣሪዎች አሉ፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይዘረጉም። ልጅቱ ለይላ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ነገረኛ። አይታችኋቸው እንደሆነ፣ በሕይወት ከሆኑ ያሉበትን፣ ካልሆኑም የተቀበሩበትን ንገሩኝ። መርሳ፣ ናፍጣ ወፍጮ ቤት ብላችሁ ጻፉ፤ ይደርሰኛል። እርግጠኛ ባትሆኑም ጻፉልኝ።